አልታየች ሥራውን የጠየቀች ዕለት

አልታየች መካነ ሰላም ገበያ ዳር ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ፣ አርባውን የዘለቀች፣ ቃል የሚቸግራት ሴት ናት። ሰላም ሲሏት አንገቷን ሰበር አድርጋ ትመልሳለች እንጂ ወሬ አትጀምርም። ባሏ አሻግሬ ከጭነት መኪና ላይ እህል እያወረደ ይተዳደራል። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። የሚያሳድጉት የታናሽ እህቷን የሉሊትን ልጅ፣ ሀይማኖትን ነው።

ሉሊት ያገባችው ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቆላ ነበር። ወሯ ሲገባ የጤና ሠራተኞች መክረዋት ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መጣች። ማቆያው አገራቸው ሩቅ የሆነ እርጉዞች ምጣቸው እስኪመጣ የሚያርፉበት ቤት ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አልጋም ብርድ ልብስም አለው። ያን ሰሞን ያልነበረው ሰው ነው። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ወልደው ሲሄዱ ሉሊት ባዶ አልጋ እያየች ብቻዋን ቀረች። ያኔ ገና ገጠር ትኖር የነበረችው አልታየች ይህን አልሰማችም። አንድ ጧት ሉሊት «ከብቶቹን ማን ያያቸዋል» ብላ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ምጡ የያዛት ቤቷ ነው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እየሮጠ ቢያመጣትም ክረምት ነበርና ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አለ። ልጅቱ እዚያው ዳር ላይ ተወለደች። እናቷ ግን ወንዙን ሳትሻገር አረፈች።

ከዚያ ወዲህ አልታየች የእህቷን ስም በባዕድ ሰው ፊት አንሥታ አታውቅም።

ጤና ጣቢያው በማቆያው ገንፎ የምታገነፋና ከሴቶቹ ጋር የምትውል የምታድር ሴት እንደሚፈልግ ገበያ ላይ ሰማች። ለአሻግሬ ነገረችው።

«ሂጂ እንጂ» አላት። «ብቻ የጠየቁሽን መልሰሽ ውጪ። ስጡኝ፣ እባካችሁ እያልሽ እንዳትለማመጪ። ዓይን አውጣ ይሉሻል።»

እሷም የምታውቀው እንደዚያ ነው። ሰው ከፈለገሽ ይጠራሻል፤ ካልፈለገሽ እጅሽን ሰብስበሽ ትገቢያለሽ።

ተመዝግባ በተቀጠረችበት ቀን ሌሎች ሴቶችም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከእሷ በፊት የገባችው ደሴ ሆቴል ቤት ወጥ የሠራች ናት። ሳቋ እስከ ውጭ ይሰማል፤ ጠያቂዎቹም አብረዋት ይስቃሉ። አልታየች ያኔውኑ ተነሥታ ልትሄድ ቃጣት።

ውስጥ የጠበቋት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ያሲንና አዋላጇ ትህትና ናቸው። ሁለቱም ከእሷ በዕድሜ ያንሳሉ።

«ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል፣ እትዬ አልታየች?» አላት ያሲን።

«የትም።»

«የታመመ ሰው አስታመው ያውቃሉ?»

«አማቴን።»

«እዚህ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አብረው ነው የሚያርፉት። ሥጋ የመጣ ቀን ምን ያደርጋሉ?»

«ድስቱን እለያለሁ።»

ትህትና የምትጨምረው ካለ ብላ ጠበቀቻት። አልጨመረችም። ስለ አማቷ ብዙ የምትለው ነበራት።

«እንግዲህ ጨርሰናል» አለ ያሲን። «የሚጠይቁት ነገር አለ?»

«የለኝም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ተነሥታ በሩን ከፈተች። ከግቢው ማዶ ማቆያው ይታያል። አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ደፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች። አልታየች እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ተመለሰች።

«ሥራውን እፈልገዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «መናገር አይሆንልኝም፤ ቅድም በደንብ አልመለስኩላችሁም። እህቴ ሉሊት እዚህ ቤት ገብታ ነበር። የሚያጫውታት ሰው ብታጣ ወጥታ ሄደች። ምጡ ቤቷ ያዛት፤ መንገድ ላይ ሞተች። ማንንም ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ልሂድ የምትል ሴት ስትኖር አጠገቧ ልሁን ነው የምለው። ሥራውን ለእኔ ስጡኝ።»

ትህትና ናት ቀድማ የተናገረችው።

«ልሂድ ያለችውን በምን ያስቀሯታል? እኛ መክረን መክረን አቅቶናል።»

«ሁሏንም አላስቀር ይሆናል። ለምን እንደምትሄድ ግን እጠይቃታለሁ።»

ያሲን ግን፣ «ገና የምናነጋግራቸው አሉ። ተመካክረን እናስጠራዎታለን። አብሽሩ» አላት።

ፊቷ እየነደደ ወደ ቤቷ ገባች። አሻግሬ ማታ ሲመጣ ጓዳ ሆና፣ ሳታየው፣ «ለመንኳቸው» አለችው።

«ምን ብለሽ?»

«የሉሊትን ነገርኳቸው።»

ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን፣ «እንኳን ነገርሻቸው» አለ። ያን ቀን ሁለቱም እራት አልበሉም።

ሳምንት ሳይሞላ ትህትና ራሷ ገበያ ድረስ መጣች። ለሥራው የደሴዋ ወጥ ሠሪ ትሻላለች፣ እሷ ትሻላለች ተባብለው ከያሲን ጋር መከራከራቸውን አልደበቀቻትም። «ለሙከራ ይጀምሩ» አለቻት። አልታየች ሽሮዋን ሳትሸጥ ሸክፋ ተከተለቻት።

ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ፈርሂያ ነበረች። አንድ ጧት ጓዟን ቋጥራ ተነሣች። አልታየች በሩን አልዘጋችባትም። አጠገቧ ተቀመጠችና ጠየቀቻት። ቤት የቀረችው ትንሿ ልጇ ያለ እናቷ አልተኛም እንደምትል ነገረቻት። አልታየች መናኸሪያ ሄዳ በፈርሂያ አገር በኩል የሚያልፍ ሾፌር ፈልጋ ለባልየው መልእክት ላከች። በማግስቱ ሰውየው ልጅቱን በትከሻው አድርጎ ደረሰ። ልጅቱ ከእናቷ አልጋ እያደረች፣ ፈርሂያ እዚያው በሰላም ወለደች።

ሌላዋ ግን ብትለመን ብትለመን አልቀመጥ አለች። አማቷ ታማለች፤ ቤቱ ያለ እሷ አይሆንም። አልታየች የጉዞ ቆሎ አስይዛ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ሴትዮዋ በሰላም ትገላገል፣ አትገላገል እስካሁን የሰማችው ነገር የለም። ወደዚያ አገር የሚወርድ መኪና ባየች ቁጥር ግን ሾፌሩን አስቁማ ትጠይቃለች።