ዘፈን የሆነው የፈለቀች ሙሾ

በሰማንያ አንድ ክረምት ሸዋ ሮቢት ምሳ የሚበላ መንገደኛ ያን ዘፈን ሳያዝዝ አይነሳም ነበር።

«የተከልሽው ማንጎ አፈራ ደጃፌ፣
ማን ያወርድልኛል አንቺን አሳልፌ።»

ኮረዳው እስክስታ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ጠረጴዛ እየደበደበ ይቀበላል። ወሬ መቼም ባለቤት የለውም፤ ዘፋኙ ለአንዲት የኮምቦልቻ ቆንጆ ነው የገጠመው፣ ነጋዴ ነጥቆት ነው፣ ስንቱ ተባለ። የምን ቆንጆ! የምን ነጋዴ! ግጥሙ የወጣው ከእትዬ አስካለ ሆቴል ወጥ ሠሪ ከፈለቀች አፍ ነው። የተገጠመውም ለአንድ ልጇ ለጌታቸው ነው።

ጌታቸው በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን በሄደ በዓመቱ፣ አብሮት የዘመተው ደስታ አንድ እጁን አጥቶ ተመለሰና «አፍአቤት ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። መርዶ ተነገረ። ፈለቀች የልጇን ሸሚዝ አልጋ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ልጁ በትንሽነቱ የተከለው ማንጎ ማፍራቱ ገና ያን ጊዜ ነበርና፣ ማንጎውን አንስታ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው ሁሉ እያለቀሰ ተቀበላት። መኪናው ተበላሽቶበት ከተማው ውስጥ የዋለ አንድ ዘፋኝም፣ የሰው ለቅሶ እያዩ ማለፍ ነውር ነውና፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሙሾዋን ይዞ ሄዶ ሟቹን በሴት ለወጠና ካሴት አወጣበት።

ፈለቀች መጀመሪያ የሰማችው ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። ቢላዋውን ጥላ ወጣች።

«እትዬ አስካለ፣ በእመቤቴ ይዝጉልኝ! በልጄ ሬሳ ላይ እኮ ነው የሚጨፍሩት!»

ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በተነሳ ቁጥር እትዬ አስካለ ይዘጉላታል፤ እንግዳው ቢያኮርፍም ግድ የላቸውም።

በተከታዩ ጥር፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ መንደሩ ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ ሳለ በጓሮ በር ሰው ገባ። ጌታቸው ነው። እልል ልትል ስትል በእጁ አፏን አፈነው። አፍአቤት ላይ ቆሰለ እንጂ አልሞተም፤ የጻፈው ደብዳቤም አልደረሰም። ኋላ ጦሩ ወደ ወሎ ተዛወረና ደሴ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያን ዘፈን ሰማ፤ በዚያው ከጦሩ ጠፍቶ መጣ።

«እማ፣ ማንጎዬን አወቅሁት» አላት። «በቁሜ አለቀስሽኝ?»

«ሞቷል ብለውኝ ነው፣ ልጄ!»

«እንኳን አለቀስሽ። ቀበሌው ሞቷል ካለ፣ ከድቷል ብሎ እዚህ የሚፈልገኝ የለም።»

ጓዳ ደበቀችው። ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም። በቆመ ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ሳታውቅ ያደረገችውን ማርያም ይቅር ትላት ይሆናል፤ ዳግመኛ ግን ከአፌ አይወጣም ብላ ማለች። ጥቁሯን ማውለቅ አልቻለችም፤ ልጇ የሚተርፈው እሷ ጥቁር እስከለበሰች ድረስ ነው።

ሚያዝያ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወርቁ ቤቷ ድረስ መጡ። በላብ አደሮች በዓል መድረክ ላይ ወጥታ ሙሾዋን በራሷ አንደበት እንድታሰማ ፈለጉ።

«የጀግና እናት አይደለሽም እንዴ? እምቢ ትያለሽ?» አሉና ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዳሉት ሁለት ብርጭቆዎች ጣል አደረጉ።

ፈለቀች ደነገጠች። «እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች።

በበዓሉ ዕለት ድምፅ ማጉያው ፊት ቆማ፣ ልጇ በሕይወት እንዳለ እያወቀች፣ «የተከልከው ማንጎ» አለች። ማስመሰል አላስፈለጋትም፤ ከፍርሃቷ ብዛት እንባዋ በራሱ ወረደ። ጓድ ወርቁ እንኳ መሐረብ አወጡ። ቤት ስትገባ ድምፅ ማጉያውን ጓዳ ሆኖ ሲሰማ የዋለው ጌታቸው እየሳቀ፣ «እማ፣ ከፊተኛው ይሄኛውን አሳመርሽው» አላት። እሷ አልሳቀችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ብዙም ሳይቆይ ወባ ያዘው። ለራሴ ነው ብላ ክኒን ገዝታ ሰጠችው፤ አልተሻለውም። ጤና ጣቢያ እንዳትወስደው፣ የሞተ ልጇን ማን ብላ ታስመዝግበው? ዛሬ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል ስትል ሰነበተች። በመጨረሻ ከሞቱስ እስሩ ይሻላል ብላ ልታወጣው ስትነሳ፣ ጊዜው አልፎ ነበር።

ነጠላዋን ነክሳ ዋለች። እሪ ብሎ ማልቀስ የለ፣ ቄስ የለ። ድንኳኑም ፍታቱም ተስካሩም በቁሙ ተደርጎለት አልቋል። ጎረቤቱ ገበያ በወጣበት ቀን የማንጎውን ሥር ብቻዋን ቆፍራ አፈር አለበሰችው።

በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ሥራ ገባች። የደሴ መንገደኞች ለምሳ ሞልተው፣ ያንኑ ዘፈን አዘዙ። እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው ሊዘጉላት ሲነሱ ፈለቀች ከወጥ ቤት ወጣች።

«አይዝጉት፣ እትዬ አስካለ» አለች። «ዛሬ ከፍ ያድርጉልኝ። በጣም ከፍ ያድርጉልኝ።»

እትዬ አስካለ ግራ እየገባቸው ከፍ አደረጉት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፈለቀች ወጥ ቤቱን ከውስጥ ዘጋችና አፏን ከፍታ ልጇን አለቀሰች።