ከእትዬ ሉባባ ክላሰር የወጣው ገጽ

ባለፈው ሳምንት ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ፣ በቅርቡ በሩን እንደገና ወደ ከፈተ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካርቱም የተመለስን የሀበሻ ሴቶች እየተፈላለግን ነው። ማን ተመለሰች፣ የት ሰፈር ገባች፣ ማን ቤት ትሠራለች፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ በየትኛው ስልክ ይገኛሉ የሚለውን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። «አንቺ ፊደሉን ትችያለሽ» አሉኝ። ፊደሉንስ እችላለሁ፤ የማልችለው ጭንቀቱን ነው። ባለሱቁ በአንድ እጁ ጥቁር ክላሰር፣ በሌላው ጀርባው የተሰፋ ወፍራም ደብተር ይዞ «የትኛውን ልስጥሽ?» አለኝ። የክላሰሩን ቀለበቶች ቀጭ አድርጎ ሲከፍታቸው በሙቀት የላመ የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የልጆች እናት ሆኜ፣ ጦርነት አልፌ፣ የወረቀት መያዣ መምረጥ አቅቶኝ ሁለቱንም ሳልገዛ ወጣሁ። ሰውየው ዋጋው የከበደኝ መስሎት ከኋላዬ «እቀንስልሻለሁ!» እያለ ተጣራ።

ያ ሽታ የእትዬ ሉባባ ክፍል ሽታ ነበር። እትዬ ሉባባ ሳጃና በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ላይ ባለች ባለ ቆርቆሮ ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸው አንድ እግር በክር የታሰረ። የስፌት መኪናቸው ፔዳል ሲንቋቋ ይውላል፤ የመኪናው ዘይት ከአቡጀዲው ሽታ ጋር ተደባልቆ በልብሳችን ላይ ይቀራል። ከኒሙ ዛፍ ሥር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ዚር የሚባል የሸክላ የውሃ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ድመቶች ይጠጡታል። እናቴ ዘሐራ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሴቶች ሰው ቤት እያደረች ስለምትሠራ እኔን ለእትዬ ሉባባ ትታ ዓርብ ዓርብ ብቻ ትመጣ ነበር። የግቢው ልጆች ዓርብ ጠዋት ሲጫወቱ እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሐፍላ እቆጥራለሁ፤ ሚኒባሱን ሐፍላ ነው የምንለው። ከሰባተኛው ላይ ካልወረደች አሥራ አራተኛው ላይ ትሆናለች እያልኩ ለራሴ ሕግ አወጣለሁ። ድሮም ጭንቀታም ነበርኩ።

ያን ጊዜ የእጅ ስልክ የሀብታም ዕቃ ነው። አንዲት ሴት አዲስ ቤት ከገባች፣ የት እንደገባች የሚያውቁት እሷና አሠሪዋ ብቻ ናቸው። ገብታ የቀረች፣ ቤቷን የሚያውቅ ጠፍቶ በሩቁ የተለቀሰላት ልጅ ነበረች። እትዬ ሉባባ መጻፍ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ዓርብ ሴቶቹ በስፌት መኪናው ዙሪያ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡና እያንዳንዷ ያለችበትን ትናገራለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ስሟን መጻፍ የማትችለዋ አውራ ጣቷን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክራ ታትማለች። አሻራውን ማንም አላዘዘም። ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው ያመጡት፤ ጣት ያላረፈበት ወረቀት የሚያገለግል አይመስላቸውም ነበር።

በምን ላይ ይጻፍ የሚለው ግን ግቢውን ሁለት ዓርብ ሙሉ አጨቃጨቀ። እትዬ ሉባባ የፈለጉት የተሰፋ ደብተር ነበር። ልብስም ይሁን ወረቀት ያልተሰፋ ነገር አያምኑም። ሴቶቹ ደግሞ ፈሩ። አብዛኞቹ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ካሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በመጣ ቀን ደብተሩ ቢገኝ አርባ ሴት በአንድ ጊዜ ተለቅማ ትሄዳለች። ከሁሉም አጥብቃ የተከራከረችው እናቴ ነበረች።

«ወላሂ እትዬ ሉባባ፣ ክላሰር ይሁን» አለች። «ካሻ መጣ ሲባል ገጼን መዝዤ ልሂድ። ስሜ ከሰው ስም ጋር ተሰፍቶ ይቅር እንዴ?»

«የሚመዘዝ ነገር ይጠፋል፣ ዘሐራ።»

«የማይመዘዝ ደግሞ ያስይዛል።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ባለፈው ሳምንትም ሱቅ ውስጥ ያቆመኝ ይኸው ነው። በመጨረሻ እናቴ ረታች። ጥቁር ክላሰር ተገዛና ከመኪናው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሕጉም አንድ ብቻ ሆነ፦ ገጹ የባለቤቷ ነው፤ ከባለቤቷና ከእትዬ ሉባባ በቀር ማንም አይነካውም።

እኔ ነካሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ በዚያ ሰሞን ቤት ቀይራ ከከተማው ዳር፣ ሶባ ገብታለች፤ ሶባ ደግሞ በሐፍላ ሄደው ሄደው የማይደረስበት አገር ነው። አሮጌው ገጿ ወጥቶ ተቀደደ፣ አዲሱ ገባ። ስታትም ጣቷ ተንሸራቶ አሻራዋ ትንሽ ጅራት አውጥቶ ነበር። እሑድ ቀን እትዬ ሉባባ ክር ሊገዙ ሲወጡ በርጩማ ላይ ቆሜ ቀለበቶቹን ከፈትኩና ገጹን አወጣሁ። ልሰርቀው አይደለም፤ እስከ ዓርብ እኔ ጋ ይሁን ብዬ ነው። ጣቴን በእናቴ ጣት ላይ እያሳረፍኩ ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ገልጬ ሳየው ሰማዩ በአንድ ወገን ቀላ፤ ወዲያው ሐቡቡ፣ ያ የካርቱም የአሸዋ ማዕበል፣ ከመሬት እስከ ሰማይ ቆሞ መጣ። ልጆች እየጮኹ ወደ ክፍል ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። ዓይኔን አብሼ እጄን ሳየው ወረቀቱ የለም።

እናቴ ያለፈው ዓርብ ስትሄድ ትኩሳት ነበረባት። በዚህኛው ዓርብ ጭራሽ አልመጣችም። ሰባተኛው ሐፍላ አለፈ፣ አሥራ አራተኛው አለፈ፤ ቁጥሩ ጠፋኝ። እትዬ ሉባባ ከቀትር ሶላት በኋላ ክላሰሩን አወረዱ። ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ገለጡ፤ ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ገለጡ።

«ገጿን ወስዳለች እንዴ?» አለች ቶይባ የምትባል ጎረቤታችን።

«ሳትነግረኝ አትወስድም። ሶባ መሆኑን አውቃለሁ። በሩ... ሰማያዊ ነው? አይ፣ ሰማያዊው ያንቺ ነው።»

እኔ ዚሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እያንዳንዷን ቃል አውቃታለሁ። አፌን ብከፍት እንዴት አወቅሽ እባላለሁ፤ ከተጠየቅኩ ሌባ ነኝ፤ ሌባ ከሆንኩ ከግቢው እባረራለሁ፤ ከተባረርኩ እናቴ ስትመጣ የት ታገኘኛለች? የዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩን እንዲህ ሲቆላልፈው ዋለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን በአንድ ቀን ነቀዘ።

ቅዳሜ እትዬ ሉባባ መኪናቸውን ሸፍነው ከቶይባ ጋር ሶባ ሄዱ። በማያውቁት ሰፈር በር እያንኳኩ «እዚህ ሀበሻ ትሠራለች?» ሲሉ ውለው፣ አንዳንዱ ቤት ውሻ ለቆባቸው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ተመለሱ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲታጠቡ አየኋቸው። ተረከዛቸው ተሰንጥቆ ውሃው ቀልቶ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ሰዓዳ፣ ምሳ በልተሻል?» አሉኝ።

ቢመቱኝ ኖሮ እችለው ነበር። ያንን ግን አልቻልኩም። ቁርአን ስንቀራ እንደምናደርገው ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዝኩ፣ እያለቀስኩ፣ አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ በቃሌ ወጣሁት፦ «ሶባ፣ ከውሃ ማማው ወርዶ፣ ሁለተኛው መስጊድ ጋ ወደ ግራ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አረንጓዴ በር፣ ከበሩ በላይ የተሰበረ መብራት።»

እግራቸውን ከሳፋው አወጡ።

«ወረቀቱስ?»

«ሐቡብ ወሰደው።»

ጥፊውን ጠበቅኩ። እሳቸው እግራቸውን ሳያደርቁ ጫማቸውን አጠለቁ። «ተነሺ፣ ያላ» አሉኝ።

ያ መንገድ አላልቅ አለ። ሐፍላው በየማዕዘኑ ይቆማል፤ ረዳቱ ሰው ይጠራል፤ ሹፌሩ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። እትዬ ሉባባ እጄን አልለቀቁም። አረንጓዴው በር በውጭ በኩል በቁልፍ ተቆልፎ አገኘነው። ዳቦ ጋጋሪው ሰዎቹ ከሐሙስ ጀምሮ ለለቅሶ ገጠር መሄዳቸውን ነገረን፤ ሠራተኛቸውን ግን አብረው የወሰዷት መስሎት ነበር። እትዬ ሉባባ አፋቸውን ከበሩ ስንጥቅ ላይ አድርገው «ዘሐራ! ዘሐራ!» አሉ። ምንም የለም። ደግመው ሲጠሩ ከውስጥ ቆርቆሮ የሚመታ ድምፅ ተሰማ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። ዳቦ ጋጋሪው በግንቡ ዘሎ ገባ። እናቴ ወባ ጥሏት፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ከኩሽናው ወለል ላይ ተኝታ ነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ሐኪሙ «ትናንት ለምን አላመጣችኋትም?» ብሎ ተቆጣ። ትናንት ማለት ዓርብ ነው። ዓርብ እኔ ዚሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

እናቴ ቀና ብላ መቀመጥ የቻለች ቀን የጠየቀችው ገጿን ነው። እኔ ከአልጋው ግርጌ ነበርኩ። እትዬ ሉባባ ወደ እኔ ሳያዩ መለሱ።

«ገጹን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ዘሐራ። ልጅሽ ስጽፍ ሰምታ በቃሏ ይዛው ኖሮ እሷ ናት ያስገኘችሽ።»

«ነፍሳችንን እኮ ነው የሰጠንዎት» አለች እናቴ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እኔም እውነቱን አላወጣሁም። እናቴ በሳምንቱ ከዚያ ግቢ አውጥታ ጀብራ አንዲት ዘመዳችን ዘንድ ወሰደችኝ። ወሬውን የሰሙ ሴቶች እኩሌቶቹ ገጻቸውን መዝዘው ሄዱ። እትዬ ሉባባ የቀሩትን ወረቀቶችና አንድ ጥቅል ባዶ ወረቀት አንድ ላይ አድርገው፣ ጠርዙን በወስፌ እየበሱ፣ በሰም በታሸ ክር ደብተር አድርገው ሰፏቸው። ካሻ ቢመጣስ ሲሏቸው «እኔ ሳልያዝ እሱ አይያዝም» ይሉ ነበር አሉ፤ ሲወጡም ሲገቡም ሆዳቸው ላይ ታጥቀውት። እናቴ ከዚያ በኋላ ሰላምታቸውን አልተቀበለችም። ዒድ በመጣ ቁጥር ግን ለእንግዳ ሁሉ «እኔን ከሞት ያወጣችኝ ይህች ልጄ ናት፤ የሉባባ እጅማ ገድሎኝ ነበር» እያለች ታወራለች። እኔ ዕቃ ላምጣ ብዬ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ከጦርነቱ በፊት እትዬ ሉባባ ታመው ወሎ ገቡ፤ እዚያው አረፉ። ከመሄዳቸው በፊት ደብተሩን በቶይባ እጅ ለእኔ ልከውልኝ ነበር። ከፊቱ ባለችው ቅጠል ላይ በዚያ ቀጥ ባለ እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ «የዘሐራ ገጽ በእኔ እጅ ጠፋ። ከእንግዲህ ከዚህ የሚወጣ ቅጠል የለም። ሉባባ።» አንብቤ ዘጋሁት። በስደቱ ጊዜ ከልብስ መሐል ይዤው ወጣሁ፣ ይዤው ተመለስኩ፤ ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ከሱቁ ባዶ እጄን የገባሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ደብተሩን አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት።

«እና?» አለች። «ያደረገችውን ነው የጻፈችው።»

«አላደረጉትም እማ። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐቡብ ከእጄ ወሰደው። ዓርብ ሲፈልጉት አድራሻውን አውቅ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ምስሩን ለቃቅማ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ከሞት ያወጣቻትን ልጅ ነበር ከእጇ የወሰድኩባት። ትሪውን ወደ ጎን አደረገችና መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ከዚያ በታች ምን ይላል?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

ሌሎቹን ቅጠሎች እንድገልጥላት ጠየቀችኝ፤ ገለጥኩ። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ጀርባ፣ ኅዳጉ ላይ ሳይቀር ደቃቅ ሆኖ የተጻፈበት ነው፤ ጣት የሚያሳርፍ ቦታ የለውም። ወደ ፊተኛዋ ቅጠል መለሰችኝ። ሦስት መስመር ናት፤ ከዚያ በታች እስከ ጠርዙ ነጭ።

«እትዬ ሉባባ ወረቀት የሚያባክኑ ሰው አልነበሩም» አለች እናቴ። «ያደረግሽውን ጻፊ፣ ሰዓዳ።»

እስክሪብቶ ላመጣ ተነሣሁ።