ጋሽ ይርጋ መጽሐፍ ያስመረጡን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ስገባ ረጅሙ ጠረጴዛ በመጽሐፍ ተሸፍኖ አገኘሁት። ለቤተ መጻሕፍታችን ለወጣቶች የሚሆን ልብ ወለድ እንድንመርጥ በናሙና የተላኩ ናቸው። ሁለት ወጣት ባልደረቦቼ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንደኛዋ በእጇ የያዘችውን መጽሐፍ ዘግታ፣ «ይሄ ሐዘን ይበዛበታል። ልጆቹ የራሳቸው ጭንቀት መች አነሳቸው? ይቅር» አለች። ጓደኛዋ አልተስማማም። ዳኝነቱን ለእኔ ሊሰጡኝ ፈልገው ነው መሰለኝ ሁለቱም ቀና ብለው፣ «ቲቸር አስቴር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቃል ማለት ይቻላል፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሌሎች ሰዎች ሲነጋገሩበት ሰምቼ ነበር። ያኔ እነዚህ ሁለቱ ገና አልተወለዱም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሐዋሳ ያኔ የአሁኗን ግማሽ አታክልም። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ሰውም ዕቃም የሚጓዘው በፈረስ ጋሪ ነው። በበጋ ፒያሳን አቋርጦ የሚያልፈው ጋሪ የሚያስነሳው አቧራ ቀሚስ ላይ ይቀመጣል፤ በልግ ሲገባ ያው አቧራ ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስቀራል። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለነበር ለምሳ ደርሼ መመለስ አልችልም። እናቴ በቅቤ ለውሳ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችልኝን ቆጮ እበላና የተረፈኝን ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሳልፋለሁ።

ቤተ መጻሕፍት ማለት አንድ ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ላይ ያሉት የመማሪያ መጻሕፍትና ዳራቸውን ምስጥ የቀመሰው የጂኦግራፊ ጥራዞች ናቸው። ልብ ወለድ የሚባል አንድም አልነበረም። ኃላፊው ጋሽ ይርጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው ሐዋሳ የቀሩ ሰው ነበሩ። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ስለጠፋ ከማስተማር ወጥተው ነው ወደዚያ ክፍል የገቡት። ሲናገሩ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይመስላል፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

እኔ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ቤታችን የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነበር። ስናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ። «እህቴ መጣ» ብዬ ክፍሉ በሙሉ ከሳቀብኝ ቀን ወዲህ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ሳነብ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሁሉም ተስተካክሎ ተቀምጦልኛል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ድምፅ ማዋስ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብቻዬን መስሎኝ ድምፄን አውጥቼ ሳነብ ጋሽ ይርጋ ከመደርደሪያው ጀርባ ሰሙኝ። በሳምንቱ ጠሩኝ።

ትምህርት ቤቱ ልብ ወለድ እንዲገዛ ተፈቅዶለት ነበር። ፒያሳ ያለ የመጻሕፍት መደብር አንድ ካርቶን ሙሉ ናሙና ለሁለት ሳምንት አውሶናል። ከዚያ ውስጥ መርጠን የቀረውን እንመልሳለን። ጋሽ ይርጋ የሚመርጡበት መንገድ የራሳቸው ነበር።

«መምህር በሌለበት ክፍለ ጊዜ ክፍል ትገቢያለሽ» አሉኝ። «መሃሉን ከፍተሽ አንድ ገጽ ታነቢላቸዋለሽ። ዝም ካሉ እንወስደዋለን። ካወሩ ይመለሳል።»

«ለምን ከመጀመሪያው አላነብም?»

«መጀመሪያ ላይ ማንም ደራሲ ይጠነቀቃል። መሃሉ ነው የሚያሳብቅበት።»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን እሳቸው በዚያ በተሰበረ ድምፅ ሰባ ተማሪ ፊት ሊያነቡ እንደማይችሉ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት ሳነብ ያደመጠኝ የለም። ኋላ ያሉት ወንዶች በጠመኔ ይወራወራሉ፣ ሴቶቹ ፀጉር ይሠራራሉ። ሦስተኛው አንድ የሚያስቅ ነገር ነበረበትና ሳቁ፤ በእኔ አልነበረም የሳቁት፤ ይህ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። እንዲህ እያልን አንድ ሳምንት ሄድን። ከዚያ ያ ቀጭን መጽሐፍ ተራው ደረሰ።

ታሪኩ እናቱ የታመመችበት ልጅ ታሪክ ነው። የከፈትኩት ገጽ ላይ ልጁ ገና ሳይነጋ ይነሳል። እናቱ ሌሊቱን በላብ ያራሰችውን ጋቢ ያጥባል። ካጠበ በኋላ ግን ውጭ አያሰጣውም። ጎረቤት በየቀኑ የሚታጠብ ጋቢ ካየ በሽታዋን ይገምታል ብሎ ቤት ውስጥ ገመድ ዘርግቶ ያሰጣዋል። ከጋቢው የሚንጠባጠበውን ውኃ ለማጠራቀም ሥሩ ድስት ያስቀምጥና ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል። ያ በሽታ በዚያ ዘመን በየሰፈሩ ነበር፤ ስሙን ግን ማንም አይጠራውም። መጽሐፉም አልጠራውም።

ግማሽ ገጽ ላይ ስደርስ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሰባ ልጅ እያለበት መስኮት ላይ የሚያንኳኳው ዝንብ ይሰማል። ጠመኔ የያዘው ልጅ እጁን እንዳነሳ ቀርቷል። ይህን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፤ ወረቀት ላይ የተደረደረ ፊደል ነው። ቆዳዬ ሽምቅቅ አለ።

ወዲያው የወንበር ድምፅ ተሰማ። ከኋላው ረድፍ ደሳለኝ ተነሳ። ደሳለኝ ዘወትር ሰልፍ የሚያመልጠው፣ በየጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማው ሥር የሚንበረከክ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ነው። ከማንም ጋር ብዙ አያወራም። ደብተሩን እንኳ ሳይዝ፣ ማንንም ሳያይ በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ነገሩ ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ግርማ ጆሮ ደረሰ። ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ግን አልነበሩም። ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጥተው፣ «ጋሽ ይርጋ፣ ልጆቹ ከየቤታቸው ይዘው የሚመጡት በቂያቸው ነው። ደስ የሚያሰኛቸውን እንምረጥላቸው። ይሄ ይመለስ» አሉ። ዓርብ ከሰዓት የመጽሐፍ መረጣው ኮሚቴ ሲሰበሰብ እንደሚወሰን ተነጋግረው ተለያዩ።

እሳቸው ሲወጡ አለቀስኩ። «ደሳለኝን ያባረርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው ጋሽ ይርጋን።

ከተማሪዎች መዝገብ ላይ የደሳለኝን ሰፈር ፈልገው በወረቀት ጻፉልኝ። ከዚያ መጽሐፉን ሰጡኝ። «እኔ ብሄድ ትምህርት ቤቱ መጣብኝ ይላል» አሉ። «አንቺ የክፍሉ ልጅ ነሽ።»

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ታቦር ተራራ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዳገቱን ስጀምር ጭቃው ነጠላ ጫማዬን ይይዘኛል፤ ዞር ስል ሐይቁ ከታች እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። መጽሐፉ እንዳይረጥብ ከሹራቤ ሥር ይዤዋለሁ። ጠይቄ ጠይቄ ግቢውን አገኘሁት። ደሳለኝ በር ላይ እንጨት ይፈልጣል። ሲያየኝ መጥረቢያውን ጣለ፤ በሩን በሰውነቱ ከለለው።

«ማን ነው የነገረሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስለ እናቴ። ስለ ጋቢው። ማን ነው ያየኝ?»

በትከሻው በኩል፣ በተገለጠው በር፣ ቤቱ ውስጥ የተዘረጋ ገመድ ታየኝ። ገመዱ ላይ ነጭ ጋቢ ተሰቅሏል። ሥሩ ድስት ተቀምጧል። መጽሐፉን ከሹራቤ ሥር አውጥቼ ያነበብኩትን ገጽ ገልጬ ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና አነበበ። አሁንም አላመነኝም መሰለኝ ገልብጦ ሽፋኑን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ገልጦ አንድ ነገር ፈለገ። ጣቱን የኅትመቱ ዓመት ላይ አሳርፎ በልቡ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ይሄ የታተመው እሷ ሳትታመም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ሳንመጣም በፊት ነው።»

«አዎ» አልኩት።

«ታዲያ እንዴት አወቀ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ሁለታችንም የተፈለጠው እንጨት ላይ ተቀምጠን መጽሐፉን አየነው። ፈርተን ነበር ብል ይቀለኛል፤ ግን ፍርሃት አልነበረም። ስምህን የማያውቅ ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ሲጠራህ የሚሰማህ ዓይነት ነገር ነው።

ከውስጥ የደከመ ድምፅ፣ «ደሱ፣ ማነው?» አለ።

«የክፍሌ ልጅ ናት።»

«እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ? አስገባት እንጂ።»

እናቱ እትዬ አልማዝ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አጥንት ብቻ ቀርቶታል፤ ዓይናቸው ግን ሙሉ ነበር። ሳልበላ እንዳልሄድ ብለው ደሳለኝን አዘዙት፤ እሱ ራሱ የሠራውን ሽሮ አቀረበልኝ። ጨው በዝቶበታል፤ ሁሉንም በላሁት። በጣም የጣፈጠኝ ነገር ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የማስታውሰው።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ መጽሐፉን አይተው። ልደብቀው ፈለግሁ። ደሳለኝን አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀልኝ። አነበብኩላቸው። ያቺን ገጽ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ያለውንም ከዚያ በኋላ ያለውንም፣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ እስክታዘቀዝቅ አነበብኩላቸው። አማርኛዬ አልተሰበረም። ልጁ ጋቢውን ቤት ውስጥ የሚያሰጣበት ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የደከማቸው መሰለኝና አቆምኩ።

«ይሄ ልጅ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እናትየዋ የማታውቅ ይመስለዋል። ታውቃለች። ኩራቱን እንዳትነካበት ብላ ነው የተኛች የምትመስለው።»

ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ውጭ ያያል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እትዬ አልማዝ ልጃቸውን እንጂ እኔን እያናገሩ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። መጽሐፉን እዚያው ትቼላቸው ወጣሁ።

ዓርብ ኮሚቴው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰበሰበ። አቶ ግርማ፣ ጋሽ ይርጋ፣ ሦስት መምህራንና እኔ። የተመረጡት በአንድ ወገን፣ የሚመለሱት በሌላ ወገን ተከምረዋል። አቶ ግርማ ስለ ቀጭኑ መጽሐፍ ጠየቁ። የት እንዳለ ለመናገር ስነሳ በሩ ተንኳኳ።

ደሳለኝ ነበር። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞታል።

«መጨረሻው አልደረስኩም» አለ። «ለቤተ መጻሕፍት ከተመረጠ እኔ መጀመሪያ ልዋሰው ብዬ ነው።»

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስት ቀን የት ነበርክ? ደግሞስ ሁልጊዜ ለምንድን ነው የምታረፍደው?»

ደሳለኝ ቀርቦ መጽሐፉን ገልጦ ፊታቸው አስቀመጠው። «እዚህ ገጽ ላይ አለ፣ ቲቸር።»

አቶ ግርማ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና አነበቡ። ያን ገጽ ቀደም ሲል አይተውት ነበር፤ አሁን ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። በየጠዋቱ ድንጋይ ላይ ያንበረክኩት የነበረውን ልጅ ጉልበት አንድ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ፊቱን አዩት። መጽሐፉን ዘግተው ከተመረጡት ክምር ላይ በገዛ እጃቸው አስቀመጡት። ትንሽ አሰቡና መልሰው አንስተው ለደሳለኝ ሰጡት።

«ጨርሰህ አምጣው» አሉት። «ሰኞ ሰልፍ ካመለጠህ ቀጥታ ክፍልህ ግባ።»

እትዬ አልማዝ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቆዩ። መድኃኒቱ ወደ ከተማችን የደረሰው እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ ክፍላችን በሙሉ ታቦርን ወጣ፤ አቶ ግርማም ነበሩ፣ ከድንኳኑ ጥግ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው። ደሳለኝ ትምህርቱን አላቋረጠም። ዛሬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። እኔም አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። «እህቴ መጣ» ያለችው ልጅ አማርኛ ታስተምራለች ቢባል ያኔ ማን ያምን ነበር?

የዚያን መጽሐፍ ደራሲ ሌላ ሥራ ፈልጌ አላገኘሁም። ሐዋሳን ረግጦ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ምናልባት ይረባ አይረባ እንደሆነ ሳያውቅ፣ ያችን ገጽ ጻፈ። ታቦር ሥር ያለች አንዲት እናት ለልጇ ማለት ያቃታትን ነገር በእሱ ገጽ በኩል አለችው። እሱ ይህን ሳይሰማ ነው የቀረው። ባሰብኩት ቁጥር አሁንም ያን ዕለት ክፍል ውስጥ እንደሆንኩት ቆዳዬ ሽምቅቅ ይላል።

ለወጣቶቹ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ አላወራሁላቸውም። «ሁላችንም በየተራ ቤት ወስደን እናንብበውና እንወስን» ብቻ አልኳቸው። እኔ ትናንት ጨረስኩት። ባልደረባዬ እውነቷን ነው፣ ሐዘን ይበዛበታል። ይግባ አልኩ። በዚህ ዓመት ካሉን ልጆች መካከል የትኛው እንደሚያነሳው አላውቅም፤ ምን ይዞ ከቤቱ እንደሚመጣም ልጠይቀው አልችልም። እጁን ሲዘረጋ ግን መደርደሪያው ላይ ሊያገኘው ይገባል።