ያሞገስኩት በሬ

በእኛ አገር የከብት ገበያ በሬ አይሞገስም። የደለበ በሬ ፊት ቆሞ «እንዴት ያምራል!» የሚል ሰው ወይ የከተማ ሰው ነው፣ ወይ ዓይኑ ክፉ ነው። ደህና ነጋዴ በሬውን ይሰድበዋል። «ይሄን ከየት መቃብር አወጣኸው?» ይላል። «ሻኛው የት ሄደ? ለሰርግ አውሰኸው ነው?» ይላል። ባለቤቱ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ስድቡ ዋጋ ያወርዳል፤ ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው። ስድቡ ከብቱን ከዓይን ይጠብቃል፤ ይሄ ደግሞ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ሁለታችንም ተጠቅመን እንለያያለን።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ፊደል እስክለይ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የከብት ተራው ነው፤ እዚያም አንደኛ የወጣሁት በስድብ ነው። ቤቴ ንፋስ መውጫ ነው፤ ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ እወርዳለሁ፤ ሲመቸኝ ወገዳም እዘልቃለሁ። ሌላው ነጋዴ እየዞረ ከብት ሲፈልግ እኔን ገበሬው ራሱ እየጎተተ ይመጣልኛል። «እስቲ ይሄን ስደብልኝ» ብሎ ገመዱን ያስጨብጠኛል። ሰድቤ እገዛለሁ። ካፒታልህ ምንድን ነው ብትሉኝ ይሄው ነው፤ ገበሬው በሬውን ይዞ ሲመጣ ቀድሞ እኔን መፈለጉ።

ችግሩ የመጣው ከሌላው ጫፍ ነው። ከብቱን ከእኔ የሚረከቡት የጭነት መኪኖች ቀሩ። መንገዱ ሲከፈት መኪና የለም፤ መኪናው ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል። የገዛሁትን በሬ ግቢዬ አስሬ ጭድ እያበላሁ ዓይን ለዓይን መተያየት ሆነ ሥራዬ።

በዚህ መሃል ነው ተከራያችን ስልኳን ይዛ የመጣችው። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ደመወዟ ወሩን አጋምሶ የሚደክመው ዓይነት። አንድ ዓርብ ባቄላ በርካሽ ልትሸምት አብራኝ ወርዳ ኖሮ፣ ከኋላዬ ሆና ቀርጻኛለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ይዩ።»

አየሁ። አንዱን ኮስማና በሬ ጭራውን ይዤ፣ «ይሄ ሁዳዴን ከእኛ ጋር ነው እንዴ የሚጾመው?» እላለሁ። ከዙሪያዬ ያለው ሰው ይንከተከታል።

«ማነው የሚያየው?»

«ሰው ነዋ! አዲስ አበባ አለ፣ ጅዳ አለ፣ ቤሩት አለ።»

«ምን ይከፍላሉ?»

«ለጊዜው ይስቃሉ።»

«ሳቅ በኪሎ ስንት ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! ተከታይ ሲበዛ ገንዘቡ ይመጣል።»

እንግዲህ ሸሪኮች ሆንን። ዓርብ እኔ እሰድባለሁ፣ እሷ ትቀርጻለች፤ ኔትወርክ በመጣ ቀን ባንኩ አጠገብ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትለጥፋለች። ተከታይ በዛ። ገንዘቡ አልመጣም። ስጠይቃት ለተማሪ እንደምታስረዳው አድርጋ አስረዳችኝ፤ የምትለጥፍበት አፕ ለእይታ የሚከፍለው ለተወሰኑ አገሮች ነው፣ የእኛዋ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

«በየትኛው ገበያ ነው ዕቃዬን አውጥቼ፣ ሰው አይቶት፣ ባለ ገበያው አትርፎበት፣ እኔ ባዶ እጄን ቤቴ የምገባው?»

«በዚህኛው» አለችኝ።

ላይቭ ግቡ ተባለ፣ ገባን። ሰው ስጦታ ብሎ በስልክ የጽጌረዳ ሥዕል ላከልኝ፣ አንዱ ደግሞ አንበሳ ላከልኝ። ለፍየል እንኳ የማይሆን ጽጌረዳ፣ በግ የማይበላ አንበሳ። ወደ ገንዘብ ይቀየራል አለች። የሚቀየረው በውጭ ባንክ ነው ተባለ፤ የውጭ ባንክ ያለው የአክስቷ ልጅ ተገኘ፤ የአክስቷ ልጅ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ልተወው ስል ነው ከባሕር ዳር የተደወለው። ሥጋ ቤት ያለው የጋይንት ተወላጅ ነኝ አለ። ለፋሲካ ሰንጋ ይፈልጋል።

«አንድ የደለበ በሬ በገጽህ አሳይልኝ፣ የሥጋ ቤቴን ስም ጥራልኝ። ለማስታወቂያው እከፍልሃለሁ። በሬውንም እገዛዋለሁ። ከተሳካማ በየበዓሉ መኪና እልክልሃለሁ።»

መኪና ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ግን እንዳትሰድበው» አለኝ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ወንድሜ፣ አንተ ‹ቆዳና አጥንት› ያልከውን ሥጋ ማን ይበላልኛል? አሞግሰው!»

በዚያ ዓመት ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለው ምርጥ በሬ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። በዓመት አንድ በሬ ያደልባሉ፤ ማዳበሪያው፣ ጨውና በርበሬው፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ከዚያ ከአንድ በሬ ይወጣል። ጢም ሳላወጣ ጀምሮ ለእኔ እንጂ ለማንም ሸጠው አያውቁም። በጾሙ አጋማሽ ላይ በሬውን ሊያሳዩኝ ገበያ ይዘው ወጡ። መምህርቷ ስልኳን ደገነች፣ እኔ የለመድኩትን ጀመርኩ።

«አባቴ፣ ይሄ ጥጃ እናቱ ጠፍታበት ነው?»

«አዎ፣ አንተ ታጠባዋለህ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«እግሩ ደግሞ የማን ነው? ከዶሮ የተበደረው ነው?»

«ከአንተ ነው። ደረሰኝ ብለህ ከፈረምክለት እመልሳለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከዚያ ወደ ጎን ወስጄ ስለ ባሕር ዳሩ መኪና ሹክ አልኳቸው። «ለፋሲካ ይመጣልናል፤ እስከዚያ ባቄላ አብዙለት» አልኩ። አበዛለሁ አሉ።

እኔ ደግሞ በልቤ ያሰላሁትን አሰላሁ። ዓይን የሚጎዳው ከብቱ ፊት ቆሞ ሲያደንቅ ነው። በሬው በጆሮው የሰማው ስድብ ነው፤ ባለቤቱም የሰሙት ስድብ ነው። ሙገሳውን ቤቴ ገብቼ ብናገረው ከስልክ በስተቀር ማን ይሰማዋል?

«መምህርት፣ ይሄን የስድብ አፍ ቆርጠሽ የሙገሳ አፍ መቀጠል ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች።

በዕድሜዬ በሬ አሞግሼ አላውቅም፤ ምላሴ አልታዘዝ አለ። በመጀመሪያው ሙከራ መምህርቷ ሳቋን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ለቅሶ ላይ ያሉ ነው የሚመስለው» አለችኝ። በኋላ ግን ሞቀኝ። «የጋይንት ሰንጋ ማለት ይሄ ነው! ጀርባው ላይ አልጋ ዘርግተህ ትተኛለህ! አንገቱ ግንድ፣ ዳሌው ክምር!» የሥጋ ቤቱንም ስም ጠራሁ። እስከዚያ ቀን ከለጠፍነው ሁሉ የበለጠ የታየው ይሄኛው ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ደውሎ፣ «መኪናውን እያዘጋጀሁ ነው» አለኝ። እኔም የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ የሰማሁ መሰለኝ።

ለሆሳዕና ጥቂት ሲቀረው በሬው ሆዱ ተነፋ። ቢላዋ ሳይደርስለት ወደቀ። በክት ሆነ፤ ጾም ቢፈታም የማይበላ። ጎትተው ገደል ጣሉት አሉ።

ሽማግሌው በማለዳው መኪና ንፋስ መውጫ መጡ። ግቢዬ ገብተው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ውኃም እምቢ አሉ።

«የሰማሁት እውነት ነው?»

«ምን ሰሙ አባቴ?»

«በሬዬን አሞገስኸው አሉ። የእህቴ ልጅ ጤና ጣቢያ በስልክ አየሁ አለችኝ። እኔ ደግሞ ‹በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሰድቦታል› ብዬ ተጣላኋት።»

መምህርቷ ከክፍሏ ወጥታ ቆማለች።

«አሳዪኝ» አሏት።

አሳየቻቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጽዋ ይዘው አዩ። ሲያልቅ እንደገና አሉ። በሬው በስልኩ ውስጥ ጆሮውን ያራግባል፣ ዝንብ ይከላከላል።

«ቆሟል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ስንት ሰው አየው?» አሉ።

መምህርቷ ቁጥሩን ነገረቻቸው። የጋይንትንና የስማዳን ሰው፣ የእስቴንም ጨምረው በልባቸው የቆጠሩ መሰለኝ፤ አልሞላላቸውም።

«ከዚህ ሁሉ ሰው ‹ከዓይን ያውጣው› ያለ አለ?»

እንግዲህ ፍለጋ ገባን። መምህርቷ በጣቷ እያወረደች፣ እኔ በትከሻዋ ላይ አንገቴን አስግጌ፣ እሳቸው በመሃል። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከጅዳ ይሁን ከቤሩት፣ እንትፍ ያለ ቢገኝ ብዬ የለመንኩትን ልመና ለሌላ ነገር ብለምነው ኖሮ ሳይሰጠኝ አይቀርም ነበር። የልብ ሥዕል አለ። ቢላዋና ሹካ አለ። ምላሱን ያወጣ ቢጫ ፊት አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሳት ነው፣ አባባ» አለች መምህርቷ። «ግን … በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው።»

«እሳት ነው ጥሩ?»

ከፊቷ ያገኘችውን ማንበብ ጀመረች። «‹አሁኑኑ ጥሬውን በበላሁት›፣ ‹ዋው›፣ ‹ኡፍ፣ ዓይኔን ከላዩ ማንሳት አልቻልኩም› …» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌው ስልኩን መለሱላት።

«አባቴ፣ በሬውን ያየው የእንስሳት ሐኪም ባቄላው ነው አለ እኮ። በባዶ ሆዱ ብዙ ሲበላ ይነፋዋል አለ።»

«ባቄላ አብዙለት ያለኝ ማነው?»

በየትኛውም በር ብወጣ እዚያ ቆሞ የሚጠብቀኝ እኔው ራሴ ነኝ። ካሳ ላነሳ ስል እጃቸውን አነሱ። «ልጠይቅህ አልመጣሁም። ያቺን የእህቴን ልጅ በከንቱ ተጣልቻት ከሆነ ልታረቃት ነው።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አርብ ገበያ ደርሶ ነበር። የዳግም ትንሣኤ ሰሞን ስወርድ ከብት ተራው ውስጥ መንገድ ይከፈትልኛል፤ ለክብር አይደለም። አንዱ ጋቢውን ገፎ በሬው ላይ ጣለበት። ሌላው አዙሮ ነዳው።

«ስልክ ይዟል?»

ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ። «አልያዝኩም፤ ይኸው።»

«ይሄማ በዓይኑ ይቀዳል!» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ እኔ የማውቀው ሳቅ አልነበረም።

የማውቀውን ገበሬ ፈልጌ ገመዱን ያዝኩ። «ይሄን ከየት …» ስል አቋረጠኝ።

«ተወው ወንድሜ። አታንሳው።»

«ኧረ ልሰድበው ነው እኮ!»

«አዎ፤ ማታ ቤትህ ገብተህ ደግሞ አፉን ትቀይረዋለህ።»

በሬ ፊት ቆሜ የምናገረው ቃል ለገበሬው ዋስትና ነበር። አሁን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ሆነ፤ ሁለተኛው ግማሽ ስልክ ውስጥ ተደብቋል ብሎ ያምናል። ደግሞም ተደብቆ ነበር።

ባለ ሥጋ ቤቱ በእስቴ በኩል ሌላ አገኘሁ ብሎ ዘጋኝ። የማስታወቂያውን ስጠይቀው፣ «የሞተ በሬ አስተዋውቀህ?» አለኝ። ሊካድ አይችልም። መምህርቷ አሁንም ተስፋ አልቆረጠችም፤ ተከታዮቹ «ስድቡ የት ሄደ?» እያሉ ነው ትለኛለች። አንድ ቀን የጎረቤት አህያ አቁማ ይስደቡ አለችኝ። አህያዋን አየኋት፤ አየችኝ። ያስቀየመችኝ ነገር አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌውን ገበያ አየኋቸው። በጎቻቸውን ሸጠው የገዙትን ወይፈን ይዘዋል፤ መልሰው ሊሸጡት ነው፣ የሚያደልቡበት አቅም አልቀራቸውም። አጠገቤ ሲደርሱ እንደ ወጉ ቆሙ።

«እንደምን ሰነበትህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ አባቴ?»

«ይመስገን።»

የቤተሰቤን ጤና እስከ ልጆቹ ጠየቁኝ። ይሄን ሁሉ ሲጠይቁ ግን በእኔና በወይፈኑ መሃል ቆመው ነው፤ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ስል እሳቸውም ወደዚያው። ተሰናብተውኝ ሄዱ። ትንሽ ወዲያ አንድ ጀማሪ ነጋዴ ገመዱን ያዘና፣ «ትንሽ ከስቷል» አለ። በቃ፤ ይችው ናት ስድቡ። ሽማግሌው ሌላ የሚጨምር እንደሆነ ጠበቁት። አልጨመረም። ሸጡለት።

ወደ ንፋስ መውጫ የተመለስኩት የከብት ገመዴን ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ጃኬት የለበሰ ወጣት ደጋግሞ አየኝ።

«እርስዎ በሬ ሰዳቢው አይደሉ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ላይ አነጣጠረ። «በሞቴ፣ እስቲ እኔን አንዴ ይስደቡኝ!»

ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። ጤነኛ ነው፣ ጫማው ተጠርጓል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው።

«ምን ይወጣልሃል» አልኩት።

ስልኩን አወረደ። «በቪዲዮ ላይ ይሻሉ ነበር» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ረዳቱ «ሒሳብ» አለኝ።