የግራው ጎማ ሞላ

የዚያን ቀን መሳለሚያ ያለው ጋራዥ ውስጥ አምስት ነበርን፦ የጋራዡ ባለቤት ጋሼ፣ መኪናቸውን ይዘው የመጡት የአንዋር መስጊድ ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጎማ የሚጠግነው ሰው፣ ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቆ የተቀጠረው ባልደረባዬ፣ እና እኔ።

ጋሼ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሌላ ጋራዥ ሊከፍቱ ነበር። የመሳለሚያውን ቁልፍ ከሁለታችን ለአንዳችን እንደሚሰጡ ነግረውናል። እኔ ሙያውን የለመድኩት ስድስት ዓመት እያየሁ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው። እሱ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ጋሼ ግን «እስቲ አንተ እየው» የሚሉት እሱን ሆነ። ቱታው እንኳ ከኔ ቱታ ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ ይህንንም ቂም ይዤበታለሁ።

ነጋዴው ወርደው የመኪናውን በር ወርውረው ዘጉት።

«ወላሂ፣ አህያ ብጭን ይሻለኝ ነበር! ትናንት ተሠራ ብላችሁ ሰጣችሁኝ፤ ዛሬ እግሬን ከፍሬኑ ባነሳም አይለቅም።»

የፊት ግራው ጎማ መሃሉ ይፋጅ ነበር። ፍሬኑን የገጠመው ባልደረባዬ ነው። ደስታዬን ለመደበቅ ክሪክ የማመጣ መስዬ ዞር አልኩ።

«ዲፕሎማህን አምጣና ጎማው ሥር እናንጥፈው፤ ምናልባት ይዞርልናል» አሉት ጋሼ። ጎማ ጠጋኙ ከት ብሎ ሳቀ። ወደ እኔ ዞረው «አንተ ፈልገው» አሉኝ።

መኪናውን በክሪክ አነሳሁ። ጎማውን በእጄ ሳዞረው ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። የአየር ማስወጫዋን ብሎን አላላኋት። ጎማውን የያዘው የታመቀ የፍሬን ዘይት ቢሆን ኖሮ በዚህ ይለቅ ነበር፤ አልለቀቀም። እንግዲያው ባልደረባዬ የፍሬን ሸራዎቹን አጥብቋቸዋል ብዬ ሸራዎቹ ከውስጥ የሚይዙትን ክቡን ብረት፣ ታምቡሩን፣ በመዶሻ እየነካካሁ አወጣሁት። የሱን ስህተት እንደ ጠፋ የወርቅ ቀለበት ነበር የምፈልገው። አገጣጠሙ ግን ልክ ነበር። እኔ ብገጥመው እንደዚያ አይጠራልኝም።

ከዚያ ሞላውን አየሁት። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሸራዎቹን ከታምቡሩ የሚያላቅቃቸው ሞላ በሙቀት ተለጥጦ ረግቧል። የድሮው ስለተሰበረ ይህን ምናለሽ ተራ፣ ከውዳቂ ብረት ዕቃ ከሚሠሩት ዘንድ፣ ያሠራሁት እኔ ነበርኩ። ርዝመቱን በክር ለክቼ፣ ጥምዝምዙን አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ «ቁርጥ የድሮው» ብዬ እንዲገጥመው በኩራት የሰጠሁትም እኔ። የሚስብበትን ጉልበት ግን አልሞከርኩም፤ ሽቦው ከምን እንደተገኘም አልጠየቅሁም።

ሞላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሼ።

አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ። «የገጠምኩት እኔ ነኝ ጋሼ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጎንበስ እንዳልኩ ታምቡሩን መጥረግ ጀመርኩ። ቁልፉ በሳምንቱ ለኔ ተሰጠኝ። ያኔም የቀናሁት በሱ ነው፤ ያን ቃል እንዲያ በቀላሉ ማውጣት በመቻሉ።

ያን ሲል እኔ ጎንበስ ብዬ ስለነበር ፊቱን አላየሁም። ጎማ ጠጋኙም ሆነ ነጋዴው፣ ይህን ካነበባችሁት የጎደለውን ሙሉልኝ። ሞላውን ስጠቀልል ባልደረባዬ እያየኝ ነበር?