የማይንቀጠቀጥ ቢጫ

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር፣ ከምኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት ሌላ ሕንፃ አለ። ከግቢው ጫፍ ላይ ደግሞ ከሁለቱም ሕንፃ የሚታይ፣ መስኮት የሌለው ነጭ ግድግዳ ቆሟል። እኔና ጋሼ ሰላምታ የምንለዋወጠው በዚያ ግድግዳ ነበር። ጋሼ የምላቸው ከማዶ አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አስመራ በአማርኛ ተምረው በአማርኛ ያስተማሩ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው።

እኔ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ነኝ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር የእጅ ባትሪ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ዕብደት ነው ትላለች። ለጋሼ ቀይ ኤልኢዲ አምፖል፣ ለራሴ አረንጓዴ ገጠምኩ። ብርሃኑ ሳይበተን ሩቅ እንዲደርስ ትንሿን መብራት ጎድጓዳ መስታወት ውስጥ አስቀመጥኳት። ጉልበቱን ግን ዝቅ አደረግሁት፤ ኤልኢዲ ትንሽ ሲሰጡት ነው ቆጥቦ የሚሠራው። አንድ ጊዜ ድንጋይ ከገባለት ቀንና ሌሊት ቢበራ እንኳ ለቀናት ይቆያል። በዚህ እንዴት እኮራ ነበር!

ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደባለቅ ቢጫ ይሆናል ብዬ በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ሥዕል ያስተማርኩ ነኝ። ጭቃ ነው የሚሆነው!»

«ብርሃንና ቀለም ይለያያል ጋሼ። እስቲ ያብሩትና ይዩት።»

ቀያቸው መጥቶ አረንጓዴዬ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው ላይ ቢጫ ወጣ። ጋሼ ቀያቸውን አጥፍተው እንደገና አበሩት።

ከዚያ ወዲያ መደዋወሉ ቀረ። በክረምቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲጨልም ሁለታችንም እናበራለን፤ ቢጫው ከታየ ሁለታችንም ደኅና ነን ማለት ነው። እኔ ቀድሜ አጠፋና መጋረጃዬን እዘጋለሁ፤ እሳቸው ከእኔ በኋላ ያጠፋሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቢጫው ዳር ዳሩን ይርገበገብ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ምሽት ቢጫው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቅንጣት አይነቃነቅም። ደስ አለኝ፤ «ለእጃቸው የታዘዘላቸው አዲሱ መድኃኒት ተስማማቸው» ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። በማግስቱም እንደዚያው ነበር። በሦስተኛው ምሽት ግን ሳይርገበገብ የሚያፈጥብኝ ዓይን መሰለኝ። ባትሪዬን አጠፋሁና መጋረጃውን ሳልዘጋ ጠበቅሁ። ቀዩ አልጠፋም። መልሼ አበራሁ፣ አጠፋሁ። አሁንም አለ።

ደወልኩ፤ ስልካቸው አይነሳም። ወጥቼ ሮጥኩ። በራቸውን ስደበድብ ከውስጥ ኮሽታ የለም። ከኋላዬ ባለው የደረጃው መስኮት ግን ቀዩ ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ቤቱ ጭጭ ብሎ ብርሃኑ ብቻውን «አለሁ» ይላል። እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም።

የሕንፃው ተቆጣጣሪ ቁልፍ ይዞ መጥቶ ከፈተልኝ። ባትሪው በረንዳው ብረት ላይ በፕላስተር ታስሯል። እግራቸው አብጦ መቆም ሲያቅታቸው፣ እኔ እንዳላስብ ብለው አስረውት ኖሯል። ሰው ማስቸገር ሞታቸው ነው። እሳቸው በበረንዳው መስታወት በር ሥር ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ግን ይተነፍሳሉ።

«አምቡላንስ ኮል አድርጌያለሁ ጋሼ፣ አይዞዎት። መቼ ነው የወደቁት?»

«ከትናንት ወዲያ፣ ባትሪውን አስሬ ስመለስ» አሉ። ውኃ በማንኪያ ሰጠኋቸው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ሰዓትህን አታዛንፍም። እዚህ ተኝቼ በመስታወቱ አይሃለሁ። ቢጫው ሲወጣ ‹አየኝ፤ አሁን ይመጣል› እላለሁ። ከዚያ ታጠፋዋለህ።»