የምግብ ቤቱን ኢንተርኔት ያጨናነቀው ፕሮግራም

ለዚህ ትውስታ ያለኝ ምንጭ አንድ የተቀደደ የማስታወሻ ገጽና የራሴ ጭንቅላት ነው፤ ሁለቱ በቀኑ አይስማሙም። ኔትወርኩን የምጠብቅለት፣ አሜሪካ ፌርፋክስ ከተማ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ኢንተርኔቱ ከመጨናነቁ የተነሣ የካርድ መክፈያው ሥራ አቆመ። የቤቱ ባለቤትም ወጥ ሠሪውን «በስልኩ ድራማ እያየ ነው» ብላ ልታባርረው ተነሣች። ስመረምር ግን መስመሩን የሞላው፣ መስመሩን እንዲቆጣጠር እኔው የጫንሁት ፕሮግራም ነበር፤ እያንዳንዱን መሣሪያ «አለህ ወይ?» ይላል፣ መልሱ ሳይደርሰው ደግሞ ይጠይቃል። አጠፋሁት፤ ካርዱ ሠራ፤ ለባለቤቲቱም የሆነውን ነገርኋት።

«ሶ ጋሼ፣ ፕሮግራምዎ ሰላምታ ሲያበዛ ነው በሉኛ!» አለች ባለቤቲቱ።

«በአጭሩ፣ አዎን። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወጥ ሠሪው በሥራው ቆየ። ማዕድ ቤት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። የጭስ መምጠጫው ይጮኽ ስለ ነበር፣ ያልሁትን መስማቱን እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።